ከሃይላንድ እስከ ሲፓፕ ያደረሰንን እጅ አትበትኑት፦ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶች ለሆስፒታላችን ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦
ለሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለሜዲካል ዳይሬክተር
ለሜትረን (የነርሶች ኃላፊ) ቢሮ
ለሆስፒታሉ ሥራ አመራር ቦርድ

ጉዳዩ፦ የክፍላችን "እድገትና ስኬት" ሲከበር ያልተነገረውን ስለማሳወቅና ስለ ነርሶች ዝውውር

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። እኛ በሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል፣ እናንተም እኛም በአፋችን ኤንአይሲዩ በምንለው፣ የምንሰራና እስከ ባለፈው መስከረም ድረስ ስንሰራ የነበርን ነርሶች ነን። ይሄንን በአደባባይ መጻፍ የመጀመሪያ ምርጫችን አልነበረም። ሶስት ጊዜ በመዝገብ ቤት በኩል ደብዳቤ አስገብተናል፣ ሶስቱም ላይ ማህተም ተመቶ ቁጥር ተሰጥቶናል፣ መልስ ግን የለም፣ አንዴ ብቻ ኮሪደር ላይ "አይተነዋል ታገሱ" ተባልን፣ ታገስን፣ ታግሰን ታግሰን የመጣልን ነገር የክፍሉ የምስረታ በዓል ጥሪ ሆነ።

ስለ ሁላችን የምጽፈው እኔ ከበዓሉ ልጀምር፣ እዚህ ያደረሰን እሱ ስለሆነ። አዳራሹ ውስጥ "የእድገትና የስኬት ጉዞ" የሚል ባነር ተሰቅሎ፣ ኬክ ተቆርሶ፣ ቲሸርት ታድሎ፣ ከዞን ጤና መምሪያ ድረስ እንግዳ ተጠርቶ ስላይድ ታየ። በ2004 ዓ.ም በ4 አልጋ የተጀመረው ክፍል ዛሬ 28 አልጋ ደርሷል፣ ይሄን ያህል ዋርመር (ማሞቂያ አልጋ) አለው፣ ይሄን ያህል ፎቶቴራፒ (ቢጫ ለሆኑ ልጆች የብርሃን ማከሚያ)፣ ይሄን ያህል ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅን ከአየር የሚያወጣ ማሽን) ተባለ። ውሸት የለበትም፣ ሁሉም ወይ አለ ወይ ነበረ። ግን ከመጀመሪያው ስላይድ እስከ መጨረሻው አንዲት ነርስ የለችም፣ አንዲት እናት የለችም። አንዱ ፎቶ ላይ በጣም የሚያምር ኢንኩቤተር፣ ልጅ የሚሞቅበት ሳጥን፣ ይታያል። እሱን ኢንኩቤተር እኛ በደንብ ነው የምናውቀው፣ የሙቀት ሴንሰሩ ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ የጓንትና የፋሻ ማስቀመጫ አድርገነው ነበር፣ ፎቶ አንሺ ሊመጣ ነው ሲባል ጓንቱን አውጥተን ወልውለን ነው ያስነሳነው። ያን ቀን ስቀናል። አዳራሹ ውስጥ በትልቁ ስክሪን ሲመጣና ሰው ሲያጨበጭብለት ግን ከኛ ወገን የሳቀ አልነበረም።

እድገቱን አንክድም። እንደውም እናንተ ካወራችሁት በላይ እኛ ማውራት እንችላለን፣ አብዛኞቻችሁ እዚህ ሆስፒታል ከመምጣታችሁ በፊት የነበረውን ስላየን።

ክፍሉ ሳይከፈት በፊት አንድ ኪሎ ተኩል ሆኖ የተወለደ ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ልንገራችሁ። በጥጥ ይጠቀለላል። በግራና በቀኙ ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ይደረግለታል፣ እንዳያቃጥለው ሃይላንዱ በጨርቅ ይታሰራል፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ከሻይ ክፍሉ ሌላ ሙቅ ውሃ እንለምናለን፣ ከተማችን ደግሞ ደጋ ነው፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ሃይላንዱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው የሚበርደው። የማዋለጃው ነርስ ሌላ ምጥ ላይ ስትሆን ሃይላንዱን የሚቀይር የለም። ጠዋት ላይ ልጁን ስትነኪው እግሩ በረዶ ነው። "ያው ጊዜው ያልደረሰ ነው" ይባልና ያልፋል፣ ካርድ እንኳን ሳይወጣለት የሄደ ስንት አለ። እናቱም ብዙ አታለቅስም፣ ወይም እኛ ፊት አታለቅስም፣ ጋቢዋን ተከናንባ ትወጣለች።

2004 ላይ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረችው ክፍል ፀድታ ቀለም ተቀብታ አራት አልጋ ገባባት፣ ስድስት ነርስ ተመደበ። ሁለት ሲኒየሮቻችን ጥቁር አንበሳ ሄደው አንድ ወር ሰልጥነው መጡ። ይዘውት የመጡት ትልቁ ነገር ማሽን አልነበረም፣ ካንጋሮ ነው። ልጁን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ ራቁት ደረቱን ከእናቱ ራቁት ደረት ጋር አጣብቆ በነጠላ ማሰር፣ ቀኑንም ሌሊቱንም። ይሄ ነገር በፈረንጆቹ 1978 ቦጎታ ኮሎምቢያ ውስጥ የተጀመረው ኢንኩቤተር ስላልበቃቸው ነው፣ ማለትም ልክ እንደኛ ቸግሯቸው። የኛ አገር ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀበለውም፣ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ላይ አጥንተውት በ2005 (በፈረንጅ) አሳትመውታል፣ ቶሎ ካንጋሮ የተጀመረላቸው ትንንሽ ልጆች በተለመደው መንገድ ከተያዙት የተሻለ እንደተረፉ ያሳየ ጥናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2022 ባወጣው መመሪያ ልጁ እስኪረጋጋ አትጠብቁ ከተወለደ ጀምሮ እናቱ ላይ አድርጉት ብሏል። ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ካንጋሮ የድሃ መፍትሄ ነው፣ ማሽን ሲመጣ ይቀራል ብሎ የሚያስብ ሰው ማኔጅመንት ውስጥ እንዳለ ስለምናውቅ ነው።

እናቶቹን ማሳመን ግን በጥናት አልሆነም። አያቶቹ ናቸው የከበዱን። አራስ ልጅ ራቁቱን? ብርዱስ? ምቹስ? የሰው ዓይኑስ? አንዷ አያት ልጁን ከእናቱ ደረት ላይ ነጥቀው በሶስት ብርድ ልብስ ጠቅልለው አስተኝተውት ደርሰንበታል፣ ተቆጣን፣ እሳቸውም ተቆጡ፣ "ስምንት ወልጃለሁ አንቺ ስንት ወለድሽ?" አሉኝ፣ ያኔ ምንም አልወለድኩም ነበር። ከዛ ቴርሞሜትር አምጥተን በብርድ ልብሱ ውስጥ ለክተን አሳየናቸው፣ 35 ነጥብ ምናምን፣ ደረቷ ላይ መልሰን ከአንድ ሰዓት በኋላ ለክተን ደግሞ አሳየናቸው፣ 36 ነጥብ 8። ማንበብ አይችሉም ግን ቁጥሩ መቀየሩ ገባቸው። በነጋታው አጠገብ አልጋ ላይ ያለችውን ሌላ እናት "አንቺ ልጅ አስጠጊው እንጂ!" እያሉ ሲቆጡ ሰማናቸው። አባቶችም ገቡበት። እናትየው ኦፕራሲዮን ሆና ገና አልነቃችም፣ ባልየው ከገጠር የመጣ ገበሬ ነው፣ ሸሚዙን ፈታና ልጁን በጋቢው ውስጥ ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፣ ትንፋሹ እንዳይቀሰቅሰው ይሁን እንጃ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ነው የሚተነፍሰው፣ እንደዛ ሆኖ ነው ያደረው።

2008 ላይ ለካንጋሮ ራሱን የቻለ ክፍል ተሰጠን፣ ስድስት አልጋ፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ የዞረ። 2010 ላይ ባብል ሲፓፕ ጀመርን። ለቦርድ አባላት፣ ሁላችሁም የጤና ሰው ስላልሆናችሁ፣ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ሳንባው አልበሰለም፣ ሲተነፍስ ተመልሶ ይጣበቃል፣ እንደገና ለመክፈት ይታገላል፣ ሲደክመው ያቆማል። በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተጠንቶ በፈረንጆች 2019 የታተመው ጥናትም ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን በአንደኝነት የሚገድላቸው ይሄው የመተንፈስ ችግር ነው ይላል። ሲፓፕ ማለት በአፍንጫው ኦክስጅን በግፊት እየገባለት ሳንባው እንዳይጣበቅ መያዝ ነው። ዋናው ማሽን ውድ ነው፣ እኛ የሰራነው በኮንሰንትሬተር፣ በቱቦና በሃይላንድ ነው፣ አዎ ያው ሃይላንድ ተመልሶ መጣ። የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ይገባል፣ አየሩ በግፊት እስከገባ ድረስ ውሃው ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ቡልቅታው ነው ግፊቱ መኖሩን የሚነግረን። ሌሊት ላይ አራት ልጅ ሲፓፕ ላይ ካለ ክፍሉ ውስጥ አራት ድስት የሚፈላ ነው የሚመስለው።

ቀላል ይመስላል አይደል? አይደለም። ቱቦው አፍንጫውን አጥብቆ ከያዘው ያቆስለዋል፣ ከላላ ግፊቱ ያመልጣል። ኦክስጅኑ ካነሰ ልጁ ይሞታል፣ ከበዛ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል፣ ስለዚህ ሳቹሬሽኑን፣ ደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን በመቶኛ፣ ከ90 እስከ 95 ባለው ውስጥ መያዝ አለብሽ፣ በማሽን የሚቆጣጠር ነገር ስለሌለን በዓይንሽ ነው የምትቆጣጠሪው። ሆዱ በአየር ይነፋል፣ በኤንጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ወደ ሆድ በሚገባ ቱቦ) ታስወጫለሽ። ወተት በየሶስት ሰዓቱ፣ በቀን ስምንት ጊዜ፣ አንዳንዱ የሚወስደው ሁለት ሚሊ ነው፣ ሁለት ሚሊ ማለት የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳን አይሆንም። መተንፈስ ሲረሳ፣ ይረሳሉ እኮ ዝም ብለው ይረሳሉ፣ እግሩን ኮርኮር አድርገሽ ታስታውሺዋለሽ። ይሄ በአንድ ሳምንት ኦሬንቴሽን የሚያዝ ሙያ አይደለም። እኛ ስድስት ወር ሙሉ ተሳስተን፣ ተቆጥተውን፣ አልቅሰን ነው የያዝነው።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

አንደኛውና ትልቁ ዝውውሩ ነው። መስከረም 2018 ላይ በወጣው የሮቴሽን ደብዳቤ ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው 19 ነርሶች 11ዳችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ሌላ ዋርድ ተበተንን። እኔ አጥንት ክፍል ነኝ። ሌላዋ ተመላላሽ፣ ሌላው ድንገተኛ፣ ክፍሉ ሲከፈት ጀምሮ የነበረችው ሲኒየራችን ካርድ ክፍል አጠገብ ትሪያጅ (የመጣ በሽተኛ የሚለይበት ቦታ) ላይ ተቀምጣለች። የተሰጠን ምክንያት "ሁሉም ነርስ ሁሉንም ክፍል ማወቅ አለበት" ነው፣ በጎን ደግሞ "አንድ ቦታ የቆየ ሰው ግሩፕ ይፈጥራል" የሚል ሰምተናል። አዎ ግሩፕ ፈጥረናል። አንዷ ሳክሽን ስታደርግ፣ ማለትም የልጁን አፍና አፍንጫ ስትመጥ፣ ሌላዋ ሳትጠራ ከጎኗ የምትቆም ግሩፕ ነው። ሰርጀሪ ላይ ስክራብ ነርስ፣ መሣሪያ የሚያቀብለው፣ በየስድስት ወሩ እንዲቀየር የሚፈቅድ ሰርጀን አለ? እኛን ሲሆን ለምን ቀላል ሆነ?

ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ጥቅምት ላይ አጥንት ክፍል ዱቲ (ተረኛ) ነኝ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፐልስ ኦክሲሜትራችን፣ የደም ኦክስጅን መለኪያው፣ ባትሪ ጨርሶ ለመዋስ ወደ ኤንአይሲዩ ወረድኩ። ተረኛዋ ከሜዲካል ዋርድ የተዛወረች ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሁለት ሳምንቷ ነው፣ እሷና ሌላ አንድ ነርስ ናቸው ያሉት፣ ከሰላሳ በላይ ልጅ አለ፣ አንዳንዱ ዋርመር ላይ ሁለት ሁለት ተኝተዋል። በሩን ስከፍት "ሲስተር ዛሬ ጸጥ ብሎልናል" አለችኝ፣ ደስ ብሏት። እኔ ደግሞ ጸጥታውን ስሰማ ነው የደነገጥኩት ግን እንቅልፍም ስራም ያደከመው ጭንቅላት ነው ቶሎ አልገባኝም። የገባት ጥጉ ላይ ያለችው እናት ናት። ሶስት ሳምንት እዛው የከረመች ናት፣ ጋቢዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ተነስታ "እህቴ የሱ ውሃ ዝም አለ እኮ" አለች። የሷ ልጅ እንኳን አይደለም፣ የጎረቤቷ ነው። ሄደን ስናይ የአፍንጫ ቱቦው ወጥቶ አንሶላው ላይ ነው ያለው፣ ልጁ ከንፈሩ ጠቁሯል። በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ይዘን፣ ተንከራተን፣ ተመለሰ። ተርፏል፣ ወጥቷል።

ተረኛዋን ልጅ የምንወቅስ እንዳይመስላችሁ። ከዛ በኋላ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አብሬያት ነበርኩ። ማንም ቡልቅታው ሲጠፋ መሮጥ እንዳለባት አልነገራትም፣ የሚነግሯት ሰዎች ከሷ በፊት በነበረው ሳምንት ሄደዋል። ሶስት ሳምንት የከረመች የገጠር እናት ከተመደበችው ነርስ በላይ ክፍሉን የምታውቅበት ሁኔታ የፈጠረው የማን ፊርማ ነው? ያን ቀን ፐልስ ኦክሲሜትሩን ሳልወስድ ነው የተመለስኩት፣ ለነሱም ሁለት ብቻ ነበር የቀረው።

ሁለተኛው የካንጋሮ ክፍሉ ነው። ፀሐይ የሚገባው፣ ስድስት አልጋ የነበረው ክፍል ካለፈው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ለፕራይቬት ዊንጉ (ከፍለው ለሚታከሙት ክፍል) እንግዳ መቀበያ ሆኗል፣ ሶፋና ቴሌቪዥን ገብቶበታል። ፕራይቬት ዊንግ አያስፈልግም አላልንም፣ ለሆስፒታሉ ገቢ ያመጣል፣ ዶክተሮቹንም ያቆያል፣ ገብቶናል። ግን ሶፋው ሌላ ቦታ አይገባም ነበር? አሁን እናቶቹ ካንጋሮ የሚይዙት ኮሪደር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ነው፣ ጽዳት ሲመጣ "ተነሱ" ይባላሉ፣ ሰው ያልፋል ያገድማል፣ ደረቷን ገልጣ እንዴት ትቀመጥ? ሌሊት ደግሞ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው ነው የሚያድሩት። አራስ ናቸው እኮ! በባህላችን አራስ ከቤት አትወጣም፣ ገንፎ ተገንፍቶላት፣ በር ተዘግቶላት ነው የምትጠበቀው፣ እኛ በረንዳ ላይ እናሳድራታለን፣ ከበላይዋ ደግሞ "ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ" የሚል ፖስተር ተለጥፏል።

ህዳር ላይ አንዷ በአስራ አንደኛ ቀኗ ፈርማ ወጣች። ልጇ 1400 ግራም ነበር፣ መጥባት ሊጀምር ትንሽ ነው የቀረው። የቀሩት ነርሶች ለምነዋታል። "ልጄ ድኖ እኔ ልሙት ነው? ወገቤን ብርዱ ጨረሰው፣ ቤት ሁለት ልጆች አሉኝ" ነው ያለችው። የሰጠችው ስልክ የጎረቤት ነው፣ ስንደውል አይነሳም። ቻርቱ ላይ "በራስ ፍላጎት የወጣች" ተብሎ ተጽፏል። ልጇ በሪፖርታችሁ ላይ ሞት ውስጥ አይቆጠርም፣ ስኬት ውስጥም አይቆጠርም።

ሶስተኛ፣ ዕቃውና መድኃኒቱ። ይሄ የናንተ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን፣ የውጭ ምንዛሬም አለ፣ አቅርቦቱም አለ። ግን በእጃችሁ ያለም አለ። ሆስፒታሉ በሙሉ ያለው ባዮሜዲካል ባለሙያ፣ የሕክምና ዕቃ የሚጠግን፣ አንድ ሰው ነው፣ ኤክስሬዩም የሱ፣ ላብራቶሪውም የሱ፣ የኛም ዋርመር የሱ፣ ሲደርስልን በወሩ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ዕቃውን ያቃጥለዋል፣ ስታቢላይዘር ስንጠይቅ አራት ዓመታችን ነው። እርዳታ ይመጣል፣ ርክክብ ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዛ የቆዳ ፕሮቡ (የልጁን ሙቀት የሚለካው) ያልቃል፣ መለዋወጫው እዚህ አገር የለም፣ ማኑዋሉ ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ ነው፣ ያው የጓንት ማስቀመጫ ይሆናል። የጨቅላ ሕክምና ነፃ ነው እንላለን፣ አባትየው ግን ወረቀት ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ ከተማውን ይዞራል፣ መተንፈስ እንዳይረሱ የሚሰጠውን ካፌይን ሲትሬት ካጣ በሌላው መድኃኒት በአሚኖፊሊን እንሰራለን፣ እሱም የሚጠፋበት ሳምንት አለ። ቢያንስ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ጠዋት ጠዋት የሚነግረን ሰው ይኑር፣ አባትየው ያለውን አራት መቶ ብር በባጃጅ አይጨርሰው።

የዱቲ ክፍያ ጉዳይ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝመውም። የአምስት ወር አልተከፈለም። ስልጠና ሲመጣም የሚሄደው ልጅ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው፣ ባለፈው የጨቅላ ሕፃናት ትንፋሽ ማስጀመር ስልጠና ላይ ከፋይናንስ ቢሮ የሄደ ሰው አለ፣ አበሉን ፈልጎ ነው፣ እሱንም አንፈርድበትም፣ የላከው ነው የሚጠየቀው።

አንዳንዶቻችሁ "ነርሶቹ ስማቸው በበዓሉ ስላልተጠራ ነው የተቀየሙት" እያላችሁ እንደሆነ ደርሶናል። ትንሽ እውነት አለው፣ ሰው ነን። ግን ነገሩ የምስክር ወረቀት አይደለም። በዚህ አገር በፈረንጆቹ 2000 በተደረገው የጤና ዳሰሳ ከ1000 በሕይወት ከተወለዱ ልጆች 49ኙ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2016 ዳሰሳ 29 ደርሷል። አገሪቱ በፈረንጆቹ ለ2030 የፈረመችበት ግብ 12 ነው። ከ49 ወደ 29 የመጣው በብዙ ነገር ነው፣ ጤና ኤክስቴንሽኗም አለችበት፣ አምቡላንሱም አለበት፣ ክትባቱም አለበት። ከዚህ ወደ 12 የሚወስደው ግን እንደኛ ያሉ ክፍሎች ውስጥ ሌሊት የሚደረገው ነው፣ ከ28 አልጋው በላይ ማን አጠገቡ እንደቆመ ነው የሚወስነው። ስላይዱ ላይ አልጋው ከ4 ወደ 28 ማደጉ ተነግሯል፣ ሌሊት ሌሊት የሚያድሩት ነርሶች ስንት እንደሆኑ ግን አልተነገረም። እኛ እንንገራችሁ፣ 2004 ላይ ለአራት ልጅ አንድ ነርስ ነበር፣ ዛሬ ለሰላሳ ልጅ ሁለት ነው፣ ሲበዛ ሶስት። እድገት ስትሉ ይሄኛውንም አብራችሁ በሉ።

ስለዚህ የምንጠይቀው፦

የመስከረሙ የሮቴሽን ደብዳቤ ኤንአይሲዩን በሚመለከተው ክፍል ይነሳ። መመለስ የምንፈልግ 11ዳችንም አለን፣ ስማችን ሜትረን ቢሮ ነው። ወደፊት ዝውውር ግድ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው አይብለጥ፣ አዲስ የሚገባው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ከነባር ነርስ ጋር ይስራ፣ ሲፓፕ ላይ ብቻውን አይመደብ። አሁን እዛ ያሉት አዲሶቹ ልጆችም አይባረሩ፣ መቆየት የሚፈልጉት ይቆዩ፣ እኛ እናስተምራቸዋለን፣ ያቺ ያለቀሰችው ልጅ ዛሬ በድምፁ ብቻ የትኛው ጠርሙስ እንደቆመ ታውቃለች።

የካንጋሮ ክፍሉ ይመለስ። ካልሆነ እኩል ስፋት ያለው፣ መጋረጃና በር ያለው፣ አልጋ እንጂ ወንበር ያልሆነ ሌላ ክፍል ከታህሳስ መጨረሻ በፊት ይሰጠን፣ ብርዱ እየባሰ ነው። እናቶች የሚያድሩበትና የሚታጠቡበት ቦታም አብሮ ይታሰብ።

ስታቢላይዘርና ሁለተኛ ባዮሜዲካል ባለሙያ በዘንድሮ በጀት ይያዝ። የተበላሹት ዕቃዎች ዝርዝር በእጃችን አለ፣ በየትኛው ቀን እንደቆሙ ጭምር፣ ጠይቁን እንሰጣችኋለን።

የአምስት ወሩ የዱቲ ክፍያ የሚከፈልበት ቀን በጽሑፍ ይነገረን። "በቅርቡ" የሚል ደብዳቤ አንፈልግም፣ እሱ አለን።

በጨቅላ ሕፃናት ስልጠና ላይ የሚሄደው ክፍሉ ውስጥ የሚሰራ ሰው ይሁን፣ ስም ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

በመጨረሻም ስላይዱ ድረ ገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊት የኢንኩቤተሩ ፎቶ ከውስጡ ይወገድልን። በምትኩ ፎቶ ከፈለጋችሁ ኮሪደሩ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጡት እናቶች አሉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አንሱ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ በአስራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ስብሰባ ከጠራችሁን እንመጣለን፣ ዱቲ ያልሆንነው በሙሉ።

ከአክብሮት ጋር

በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል የሚሰሩና ከክፍሉ የተዛወሩ ነርሶች
ስለ ሁሉም የጻፍኩት፦ የቀድሞ የኤንአይሲዩ የሌሊት ተረኛ፣ የአሁን የአጥንት ሕክምና ክፍል ነርስ

ግልባጭ፦
ለዞን ጤና መምሪያ
ለሆስፒታሉ መዝገብ ቤት (ለአራተኛ ጊዜ)